ስለ ጄኔሬተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ተጠቃሚዎች

ጄኔሬተር መብራት የሚሰጠው ከምኑ ነው? ከነዳጁ ነው ወይስ ከማግኔቱ?

ከመዞሩ ነው። ነዳጁ ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ደግሞ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ዲናሞ ያዞራል። ዲናሞው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። ከዘንጉ ጋር እየተሽከረከረ ማግኔት የሚሆነው ሮተር ይባላል፤ ዙሪያውን ከቦ የማይንቀሳቀሰውና በሽቦ የተጠቀለለው ስታተር ነው። የማግኔቱ ሰሜንና ደቡብ በሽቦው ፊት በተፈራረቁ ቁጥር ኮረንቲ ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ማይክል ፋራዴይ ይህን ያሳየው በ1831 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ መጠኑ ገዘፈ፣ ቁጥጥሩም ረቀቀ እንጂ ሥራው ያው ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ባለ 2 ኪሎዋትም ሆነ የህዳሴ ግድብ ግዙፍ ማሽን ከዚህ አይወጡም።

ጄኔሬተር ኃይል አይፈጥርም፤ በዘንጉ የገባለትን ጉልበት ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው። በዚህ ሥራው ዲናሞው እምብዛም አያባክንም። የቤት ዲናሞ ከተቀበለው ከ75 እስከ 85 በመቶውን፣ የግድብ ጄኔሬተር ደግሞ 98 በመቶ ገደማውን አሳልፎ ይሰጣል። ብዙው ጉልበት የሚባክነው ዘንጉን የሚያዞረው ሞተር ውስጥ ነው።

ምጣድ ስሰካ ሞተሩ ለምን ያቃስታል?

ኮረንቲ ከዲናሞው ሲወጣ ስታተሩ ራሱ ማግኔት ይሆንና ሮተሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የሚወጣው ኮረንቲ በጨመረ ቁጥር ይህ መያዝ ይበረታል። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ያ ሁሉ በአንዴ ዘንጉ ላይ ይጫናል። ፍጥነቱ ለቅጽበት ይወርዳል፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቀው ጎቨርነር ነዳጅ ይጨምራል፣ ሞተሩም ድምፁን ቀይሮ ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ፣ ማቃሰቱ ከቀጠለና ጭሱ ከጠቆረ ጭነቱ ከአቅሙ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

ምንም ሳይሰካ የሚያቃስት ጄኔሬተር ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ወይ ስታተሩ ውስጥ ሾርት አለ፣ ወይ ኩሽኔታው ሄዷል። ወዲያው አጥፍተው ያስመርምሩት።

ውሃ፣ ንፋስ፣ እንፋሎት፣ ናፍጣ፤ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ዘንጉን ማን ያዞረዋል፣ ምን ያህልስ ሳያወላውል ያዞረዋል የሚለው ላይ ነው።

ውሃ ከሁሉም ቀጥተኛው ነው። ወሳኞቹ የውሃው መጠንና የሚወርድበት ከፍታ ናቸው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሲወርድ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይሰጣል፤ ተርባይኑና ጄኔሬተሩ የሚያባክኑት ሲቀነስ 0.25 ያህል ይተርፋል። በዚህ ስሌት አንድ ምጣድ ለ1 ሰዓት እንዲሠራ 14,000 ሊትር ውሃ 100 ሜትር መውረድ አለበት። ትንሽ ምንጭ ለአምፖል ይበቃል፤ ለከተማ ግን ግድብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጊቤ 3 በ10 ተርባይኖች 1,870 ሜጋዋት ያመነጫል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ደግሞ በ13 ተርባይኖች እስከ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ሐረሮች የዚህን ስሌት ግልባጭ በየቀኑ ያዩታል። ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚወጣላቸው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። 1 ሜትር ኩብ ውሃ ይህን ያህል ለማውጣት የፓምፑ ብክነት ሲታከልበት ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ሲጠፋ ቧንቧውም አብሮ የሚደርቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ንፋስ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ግን አይታዘዝም። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ግማሽ ሲሆን ደግሞ ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። የተሻለ ተርባይን ቢሠራም ከሚያልፈው ንፋስ ጉልበት ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ በተፈጥሮ ሕግ አይቻልም። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር፣ በሶማሌ ክልል የሚገኘው የአይሻ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 2.5 ሜጋዋት ናቸው። የዚህ መጠን ተርባይን ክንፍ በደቂቃ ከ20 ዙር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ወይ በማርሽ መቶ ጊዜ ያህል ይፈጥናል፣ ወይ ደግሞ ብዙ ማግኔት የተደረደረበት ሰፊ ጄኔሬተር ያለ ማርሽ ያዞራል።

እንፋሎት ከየትም ይምጣ ተርባይኑ ግድ የለውም። አሉቶ ላንጋኖ ላይ የከርሰ ምድር ሙቀት፣ አዲስ አበባ ረጲ ላይ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ ወንጂና መተሐራ ላይ ከሸንኮራ አገዳ የሚተርፈው ገለባ እንፋሎት ያስገኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ነው።

ናፍጣና ቤንዚን ውድ ናቸው፤ ጥቅማቸው በተፈለጉበት ሰዓትና ቦታ መገኘታቸው ነው። 1 ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይዟል፤ አነስተኛ የናፍጣ ጄኔሬተር ከዚህ 3 ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ቀሪው በራዲያተሩና በማርሚታው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ደግሞ በ1 ሊትር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጥ ነው።

ሶላርስ? እሱም ጄኔሬተር ነው?

ሥራው አንድ፣ መንገዱ ሌላ። ሶላር ፓነል ውስጥ የሚዞር ነገር የለም። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ሲሊከኑ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ያንቀሳቅሳል፤ የሚወጣውም ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኮረንቲ ነው። በኢንቨርተር ወደ 220 ቮልት ኤሲ (ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኮረንቲ) ካልተለወጠ ፍሪጅ አያሠራም።

ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሰው ሙቀት ሲበዛ ሶላር የበለጠ የሚሰጥ ይመስለዋል። ፓነል የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀት ይጎዳዋል። በፓነሉ ጀርባ የተጻፈው ዋት የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። በግንቦት ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተለጠፈ ፓነል 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ 0.35 በመቶ ገደማ ሲቀንስ በጠቅላላው 14 በመቶ ያህል ይጎድላል። ከጣሪያው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ አየር እንዲያልፍበት ማሰር ይረዳል። አቧራውን በጠዋት ወይም በማታ ይጠቡ፤ በቀትር የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል።

50 ኸርዝ ምን ማለት ነው? ቮልትና ኸርዝ በምን ይለያሉ?

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ ኸርዝ የሞተሩ ጉዳይ ነው፣ ቮልት የዲናሞው። ከብልሽት ጥያቄዎች ግማሹ እዚህ ላይ ይፈታል።

ኸርዝ ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ይነግራል። የሚወሰነው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በዘንጉ ፍጥነትና በሮተሩ ላይ ባሉት የማግኔት ጫፎች ቁጥር። ጫፎቹን በደቂቃ ዙር አባዝተው ለ120 ያካፍሉ። 2 ጫፍ ያለው ሮተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር 50 ኸርዝ ይሆናል፤ 4 ጫፍ ያለው 1,500 ዙር ይበቃዋል። ቀስ ብሎ የሚዞር የግድብ ተርባይን 40 ጫፍ ቢኖረው በ150 ዙር ያንኑ 50 ኸርዝ ይሰጣል። በገበያ ላይ የሚጮሁት ቀላል የቤንዚን ጄኔሬተሮች ባለ 3,000 ዙር ናቸው። ባለ 1,500 ዙሩ የናፍጣ ጄኔሬተር ከባድና ውድ ነው፤ በዕድሜ ግን አይወዳደሩም። በየቀኑ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ሆቴል ወይም ወፍጮ ቤት ባለ 3,000 ቢገዛ በርካሽነቱ አይጠቀምም።

ቮልት የሚወሰነው በማግኔቱ ብርታት ነው፤ እሱን የሚቆጣጠረው ኤቪአር የሚባለው ትንሽ ሰሌዳ ነው። ቮልቱ ሲወርድ ወደ ሮተሩ የሚልከውን ዲሲ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል።

ኸርዝ የሚያሳይ መልቲሜትር ካለዎት ምንም ሳይሰኩ ይለኩ። 52 ኸርዝ አካባቢና 220 ቮልት ገደማ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ሙሉ ጭነት ሲሰካ ወደ 50 ይወርዳል። ኸርዙ 45 ከሆነና ቮልቱም ከወረደ ኤቪአር አይግዙ፤ ጥፋቱ ጎቨርነሩ፣ የነዳጅ ፊልትሮው ወይም ካርቡራተሩ ጋ ነው። ኸርዙ 50 ሆኖ ቮልቱ 150 ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አይፍቱት፤ ችግሩ ዲናሞው ጋ ነው።

ቮልት ስላነሰ የጎቨርነሩን ብሎን አጥብቆ ፍጥነት መጨመር የተለመደ ጥገና ነው፤ መጥፎ ጥገና ነው። ቮልቱ 220 ይደርስ ይሆናል፤ ኸርዙ ግን 56 እና 57 ይገባል፣ የፓምፕና የፍሪጅ ሞተሮች ከልክ በላይ ይፈጥናሉ፣ የጄኔሬተሩም ዕድሜ ያጥራል።

ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ኮረንቲ አይሰጥም። ምን ላድርግ?

ከቀላሉ ይጀምሩ። በቅድሚያ የጄኔሬተሩን ብሬከር ይዩ፤ ወርዶ ሳይታይ የሚቀር ብዙ ነው። ከዚያ የተሰካውን ሁሉ ነቅለው በሶኬቱ ላይ ቮልት ይለኩ።

ከ2 እስከ 5 ቮልት ብቻ ካነበቡ የሮተሩ ብረት ጥቂት ማግኔትነት ይዟል፣ ነገር ግን ኤቪአሩ አላነሳውም። ንባቡ ፍጹም ዜሮ ከሆነ ማግኔትነቱ ጠፍቷል ወይም ሽቦ ተቋርጧል። ለወራት ሳይሠራ የቆየ፣ ወይም ጭነት እንደተሰካበት ነዳጅ አልቆበት የጠፋ ጄኔሬተር ማግኔትነቱን ሊያጣ ይችላል። ነዳጁ ከማለቁ በፊት ብሬከሩን ማውረድ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ካርቦን (የሮተሩን ቀለበት እየነካ ዲሲ የሚያደርስለት ቁራጭ) ባላቸው የቤት ጄኔሬተሮች ላይ ምርመራው እንዲህ ይሄዳል፦

1. ሞተሩን አጥፍተው የዲናሞውን የኋላ ክዳን ይፍቱ። ሁለቱን ካርቦኖች ይዩ፤ ካጠሩ፣ ከተሰበሩ ወይም ቀለበቱን በደንብ ካልነኩ ጥፋቱን አግኝተዋል። ቀለበቱ ከጠቆረ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት።
2. ከኤቪአሩ ወደ ካርቦኖቹ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ነቅለው በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ኦም ይለኩ። በአስሮች የሚቆጠር ኦም ይጠበቃል። መስመሩ ክፍት ከሆነ የሮተሩ ሽቦ ተበጥሷል።
3. አንዱን የኦም ሜትር ጫፍ ቀለበቱ ላይ፣ ሌላውን ዘንጉ ላይ ያድርጉ። ምንም መተላለፍ የለበትም፤ ካለ ሽቦው አካሉን ነክቷል፣ ጥቅለላ ያስፈልገዋል።
4. ሮተሩ ደህና ከሆነ ሞተሩን ያስነሱና ከ12 ቮልት ባትሪ ፕላሱን ወደ ፕላስ ካርቦን፣ ማይነሱን ወደ ማይነስ ለ3 ሰከንድ ያህል ይንኩ፤ በዚያው ቅጽበት ሶኬቱን ይለኩ። ከ220 ቢያንስም ግልጽ ቮልት ከታየ ስታተሩና ሮተሩ ይሠራሉ፤ የሞተው ኤቪአሩ ነው። ምንም ካልታየ ስታተሩን ያስፈትሹ።

በ4ኛው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ዘንጉ ይዞራል፣ ኮረንቲም ይወጣል። እጅጌ የተንዘረፈፈ፣ ሻርፕ ያደረገ ወይም ብቻውን የሆነ ሰው አይሞክረው። ካርቦን የሌላቸው ትላልቅ ጄኔሬተሮች ላይ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ከሮተሩ ጋር የሚዞሩት ዳዮዶች ናቸው፤ እሱን ለባለሙያ ይተዉ።

ኤቪአር ሲቀይሩ የሽቦውን ቁጥርና ቅደም ተከተል ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ። በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በሽቦ አሰላለፍ ግን የሚለያዩ ብዙ አሉ።

ስንት ኪሎዋት ልግዛ?

የሚሠራበትን ብቻ ሳይሆን የሚነሳበትንም ይደምሩ። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ምጣድ ሲነሱም ሲሠሩም ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ሞተር ያለው ነገር ግን ሲነሳ ከሚሠራበት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ኮረንቲ ለቅጽበት ይስባል። 150 ዋት የሚሠራ ፍሪጅ ለመነሳት ከ600 እስከ 1,000 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። 1 የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ ፓምፕ በዘንጉ 746 ዋት ቢሰጥም ከመስመሩ 1,000 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ለመነሳትም 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ለምሳሌ ድሬዳዋ ከዚራ ያለ ጁስ ቤት ሁለት ፍሪጅ፣ አንድ ጁስ መፍጫ፣ አራት ቬንትሌተርና አምፖሎች አሉት እንበል። ሲሠራ 1.5 ኪሎዋት አይሞላም፤ ባለ 2 ኪሎዋት ጄኔሬተር ይበቃዋል የሚል ሻጭ አይጠፋም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሲተካ ግን ሁለቱም ፍሪጆች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። 3.5 ኪሎዋት ይግዛ፤ አለዚያም ፍሪጆቹን በተራ ያስነሳ። የአየር ማቀዝቀዣ ካለበት ስሌቱ እንደ አዲስ ይጀመራል።

ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ጭነቱን በሦስቱ ላይ እኩል ያከፋፍሉ። 15 ኪሎዋት ጄኔሬተር በአንድ ፌዝ የሚሰጠው 5 ብቻ ነው። ለወፍጮ ቤት ሞተር ስታር ዴልታ ማስነሻ (ሞተሩን መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልት የሚያስነሳ) ማስገባት የሚነሳበትን ኮረንቲ ወደ ሲሶ ያወርደዋል፤ ግማሽ መጠን ያለው ጄኔሬተር ለመግዛትም ሊያስችል ይችላል።

ኬቪኤና ኪሎዋት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ኬቪኤ ከቮልትና ከአምፒር ብዜት የሚገኘው ነው፤ ኪሎዋት ደግሞ በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ኃይል ነው። በሦስት ፌዝ ጄኔሬተሮች ላይ ኬቪኤውን በ0.8 ያባዙ፤ 25 ኬቪኤ 20 ኪሎዋት ነው፣ በ380 ቮልት በየፌዙ 38 አምፒር ገደማ ይሰጣል። የማስታወቂያ ወረቀት ትልቁን ቁጥር ይወዳል። "ማክሲመም" የተባለው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የሚገዙት ከሥሩ በትንሹ በተጻፈው ቋሚ አቅም ነው።

5 ኪሎዋት ተብሎ የተሸጠልኝ ሐረር ላይ 4 ኪሎዋት አይችልም። ተታለልኩ?

ላይሆን ይችላል። አቅሙ የተለካው በባሕር ወለል አካባቢ ባለ አየር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ከፍ ሲል አየሩ ስለሚሳሳ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ያንሰዋል። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ ወደ 19 በመቶ ይሄዳል፣ 5 ኪሎዋቱ 4 ይሆናል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች 12 በመቶ ብቻ ነው፤ በበጋው ሙቀት ግን ሌላ 2 ወይም 3 በመቶ ይጨመርበታል፣ 4.2 ኪሎዋት ይቀራል። ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር በእነዚህ ከፍታዎች ብዙም አይጎዳም።

የቤንዚን ጄኔሬተር ሐረር ላይ ጥቁር ጭስ ካበዛና ካንዴላው ጥቀርሻ ከያዘ ለአየሩ ነዳጅ በዝቶበታል። ቀዳዳው ጠበብ ያለ የካርቡራተር ጄት ያስተካክለዋል። ያንኑ ማሽን ወደ ድሬዳዋ ሲያወርዱ ጄቱን መመለስ ያስፈልጋል፤ ካልተመለሰ ሞተሩ በነዳጅ እጥረት ከልክ በላይ ይግላል።

በሰዓት ስንት ሊትር ይፈጃል? ትልቅ ብገዛ አይሻልም?

የ20 ኪሎዋት የናፍጣ ጄኔሬተር የተለመደ ፍጆታ ይህን ይመስላል፦ 5 ኪሎዋት ሲጫን በሰዓት 2.3 ሊትር፣ 10 ሲጫን 3.4፣ 15 ሲጫን 4.9፣ ሙሉ 20 ሲጫን 6 ሊትር ገደማ። ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ካካፈሉት በ5 ኪሎዋት 0.46 ሊትር፣ በ20 ኪሎዋት 0.3 ሊትር ነው። በትንሽ ጭነት የሚሠራ ትልቅ ጄኔሬተር ለራሱ መዞር ብቻ ብዙ ይበላል።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ሲሊንደሩ በቂ ሙቀት አያገኝም። ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥቀርሻ በማርሚታው ላይ እንደ ጥቁር ቅባት ይንጠባጠባል፣ ኢንጀክተሩ ይዘጋል፣ የዘይት ፍጆታው ይጨምራል። ከ50 እስከ 80 በመቶ መጫን ተገቢው ነው። ሌሊት ለጥቂት አምፖልና ለካሜራ ብሎ 60 ኬቪኤ ማስነሳት ሞተር መግደል ነው፤ ለዚያ ሰዓት ባትሪና ኢንቨርተር ይሻላል።

ሁለት ወንድ መሰኪያ ባለው ገመድ ወደ ግድግዳው ሶኬት ብሰካስ?

አይስኩ። የቆጣሪው ብሬከር ካልወረደ፣ ወይም አንድ ሰው መልሶ ካነሳው፣ ከጄኔሬተርዎ የሚወጣው 220 ቮልት ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ተመልሶ በላይኛው መስመር ላይ 15,000 ቮልት ሊሆን ይችላል። መስመር ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይሞታል። መብራቱ በዚያው መሃል ቢመጣ ደግሞ ጄኔሬተሩ ከአገሪቱ ኔትወርክ ጋር ይጋጫል፤ ስታተሩ ወዲያው ይቃጠላል። ገመዱ ራሱም ከአንዱ ጫፍ ሲነቀል በእጅዎ ያለው መሰኪያ ኮረንቲ የያዘ ነው።

መፍትሔው ከቆጣሪው ቀጥሎ የሚገባ ባለ ሦስት ቦታ ቼንጅ ኦቨር ነው፦ መስመር፣ ዜሮ፣ ጄኔሬተር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት መንገድ የለውም። ፌዙን ብቻ ሳይሆን ኒውትራሉንም የሚቆርጥ ይምረጡ። መብራት ሲመጣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ቆይተው ያዙሩት፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልት የሚዋልል ነው።

ጀጎል ውስጥ ቦታ የለም። የት ላስቀምጠው?

ቤት ውስጥ፣ ደረጃ ሥር ወይም በር ላይ አይሆንም። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲሰማዎት ብዙ ተነፍሰዋል። የጀጎል ጊቢዎች በረጅም ግንብ የታጠሩና ብዙ ጊዜ የጋራ ስለሆኑ ጭሱ ቶሎ አይወጣም፤ የጎረቤትም መስኮት ቅርብ ነው። ከማንኛውም በርና መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር፣ ማርሚታው ወደ ክፍት አየር። ጊቢው ለዚህ ካልበቃ ጄኔሬተሩን ይተዉት፤ እዚያ ቤት ሶላርና ባትሪ የተሻለ ምርጫ ነው።

አርቀው ካስቀመጡት የኬብሉን ውፍረት ያስቡ። 5 ኪሎዋት በ30 ሜትር ርቀት በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ሲሄድ 10 ቮልት ገደማ በመንገድ ይቀራል፤ በ6 ካሬ ከሆነ ከ4 ቮልት ትንሽ ቢበልጥ ነው። የጄኔሬተሩን አካል መሬት በተቀበረ ዘንግ ማሰርም አይዘንጉ፤ የድሬዳዋ ደረቅ አሸዋ ኮረንቲ በደንብ ስለማያስተላልፍ ዘንጉ እርጥበት እስኪያገኝ በጥልቀት መግባት አለበት።

ግድቦቹ ሞልተው ሳለ ለምን መብራት ይጠፋል?

ማመንጨትና ማድረስ ሁለት ሥራ ነው። ኃይሉ ከግድቡ ሩቅ መንገድ የሚጓዘው በከፍተኛ ቮልት ነው፤ ቮልቱ ሲጨምር ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንቲ ስለሚቀንስ በሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት በእጅጉ ያንሳል። በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያልፈውና በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መስመር 230,000 ቮልት ነው። ከዚያ በሰብስቴሽን ደረጃ በደረጃ ወርዶ በሰፈሩ ትራንስፎርመር 380 እና 220 ይሆናል። አብዛኛው የሰፈር መቋረጥ የሚመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ክፍል ነው፦ የተጫነ ትራንስፎርመር፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የወደቀ ምሰሶ፣ ሽቦ የነካ ዛፍ። ህዳሴ 5,150 ሜጋዋት ቢያመነጭም የድሬዳዋውን የሳቢያን ሰፈር የተቃጠለ ፊውዝ አይተካም።

በቲክቶክ ያየሁት ነዳጅ አልባ ጄኔሬተር ይሠራል?

አይሠራም። ሞተር ዲናሞ ያዞራል፣ ዲናሞው ሞተሩን ይመግባል፣ ትርፉ አምፖል ያበራል ነው የሚባለው። ሞተሩ ከተቀበለው 80 በመቶ፣ ዲናሞውም 80 በመቶ ቢያሳልፍ ከአንድ ዙር በኋላ የሚቀረው 64 በመቶ ነው፤ በሁለተኛው 41። በጥቂት ሰከንድ ይቆማል። ቪዲዮው ላይ የማይቆም ከሆነ ጠረጴዛው ሥር ባትሪ ወይም ገመድ ይፈልጉ። ከባድ ጎማ መጨመር ማቆሙን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ገንዘብ ከፍለው ዲዛይኑን አይግዙ።

ለወራት ሳይሠራ የሚቀመጥ ከሆነ እንዴት ልያዘው?

በወር አንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስነሱት፤ በባዶ ሳይሆን ቢያንስ ሲሶ ጭነት ሰክተው። ምጣድ ለዚህ ምቹ ነው። ይህ ዘይቱን ያዳርሳል፣ ባትሪውን ይሞላል፣ ማግኔትነቱንም ያቆያል።

ቤንዚን በካርቡራተር ውስጥ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል፤ ከወር በላይ የማያስነሱት ከሆነ የነዳጅ መዝጊያውን ዘግተው ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት፤ ጭነቱን ግን አስቀድመው ይንቀሉ። የናፍጣ ታንከር ደግሞ ግማሽ ሆኖ ሲቀመጥ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ውስጡ ውሃ ያረግዛል። ሞልተው ያስቀምጡት፣ ከማስነሳትዎ በፊትም ከሥሩ ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው ውሃውን ያውጡ። ውሃው የናፍጣ ፖምፓው ውስጥ ከገባ ጥገናው ቀላል አይሆንም።

ዘይት በአዲስ የቤንዚን ጄኔሬተር ላይ ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል፤ በናፍጣ ላይ ብዙውን ጊዜ በየ250 ሰዓቱ ነው። የአየር ፊልትሮውን ግን መመሪያው ከሚለው ቀድመው ይዩ። የድሬዳዋ አቧራ መመሪያ የጻፉት ሰዎች ያሰቡት ዓይነት አይደለም፤ በየ25 ሰዓቱ አውጥተው ይፈትሹ። የስፖንጅ ከሆነ በሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ ጥቂት ዘይት ነክተው ይመልሱ። የወረቀት ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይንፉት፤ ከተቀደደ ይጣሉ። በዲናሞው የማቀዝቀዣ ቀዳዳ ላይ የተጋገረውን አቧራም በደረቅ አየር ያስወጡ፣ በውሃ አይጠቡት።

ባትሪው ሲያርፍ 12.6 ቮልት ማንበብ አለበት፤ ከ12.2 በታች ከወረደ ይሙሉት። ሙቀት ባትሪ ስለሚጨርስ ከሞተሩ ጎን ሳይሆን ጥላ ቦታ ያስቀምጡት።